ዘጠኝ ቀን ያልጠፋ መብራት

ሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ጭሮ

ይህን ደብተር የገዛሁት የስሌት ውጤት ልመዘግብበት ነበር። ውጤት ስለሌለ እኔው ልገባበት ነው።

ነገሩን ለራሴ በግልጽ ልጻፈው። እስከ ግንቦት 8 የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ ካላስገባሁ የዶክትሬቱ ነገር አበቃ። ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ የመጨረሻውን ማራዘሚያ የፈረሙልኝ ደግመህ እንዳትመጣ በሚል ፊት ነው። ካለፍኩ ባሕር ዳር በመምህርነት ሊቀበለኝ የተዘጋጀ የትምህርት ክፍል አለ። ባለቤቴ ወሰንየለሽም ባሏን ተከትላ ከሚኤሶ ጤና ጣቢያ ትዛወራለች፣ በተጋባን በአራተኛው ዓመት አንድ ጣሪያ ስር እናድራለን። ካላለፍኩ ግን እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ። በመሐላችን ያለው በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ ቁልቁለት ነው፤ እሱንም ቢሆን በወር አንዴ ነው የምንወጣው የምንወርደው።

የማጠናው ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የሚቀጥን የካልሲየም ታይታኔት ንጣፍ ነው። ንጣፉ የሚያርፍበት ክሪስታል አተሞቹ ትንሽ ተራርቀው የተደረደሩ ከሆኑ ንጣፉም ተገዶ በዚያው ልክ ይለጠጣል። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ አንድ በመቶ ብንለጥጠው ፌሮኤሌክትሪክ ይሆናል ወይ? ማለትም በኦክስጅኖች ተከቦ መሐል የተቀመጠው ታይታኒየም ከመሐል ፈቀቅ ብሎ፣ ንጣፉ በአንድ ወገን ፕላስ በሌላው ማይነስ ይዞ ይቀራል ወይ? ከሆነ መብራት ሲጠፋ የያዘውን የማይረሳ የኮምፒውተር ማስታወሻ ይሠራበታል። መብራት ሲጠፋ የማይረሳ! ይህን ጭሮ ተቀምጦ የሚያጠና ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ላቦራቶሪ የለኝም፤ በማስተምርበት ኮሌጅ ክፍል 14 የተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር አለኝ። ስሌቱ አተሞቹን ጥቂት ጥቂት እየገፋ፣ እስኪረጉ ድረስ ይደጋግማል። በደንብ እስኪረጉ ስምንት ቀን ይፈጃል። የጭሮ መብራት ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይቶልኝ አያውቅም። መጠባበቂያ ባትሪው፣ ዩፒኤሱ፣ ሰባት ደቂቃ ይይዛል፤ ሰባቱንም ደቂቃ ይጮኻል።

አከራዬ ጋሽ ኩማ የመብራት መሥሪያ ቤቱ የመስመር ሠራተኛ ናቸው። ስለዚህ መብራት የሚያጠፉብኝም፣ ቤት የሚያከራዩኝም፣ ማታ በበሩ ብቅ ብለው «መምህር፣ በላህ ወይ?» የሚሉኝም አንድ ሰው ናቸው።

ሐሙስ፣ የካቲት 10

ጠፋ። 4፡20።

መጣ። 7፡05። ካቆመበት የሚቀጥልበትን ፋይል እየጻፈ ሳለ ነው የጠፋበት፤ ተበላሽቷል። የሁለት ቀን ልፋት።

ጠፋ። 8፡40።

ጸሐፊዋ ኮሪደር ላይ «ያ ሰውዬ ዛሬም ለብቻው ያወራል» ስትል ሰማኋት። ለብቻዬ አላወራሁም። ዩፒኤሱን ነው የሰደብኩት።

እሑድ፣ የካቲት 13

ወሰን መጣች። ድርቁ ከብቱን ጨርሶ ወደ ልጆች ዞሯል አለች። ጤና ጣቢያው ያለው አሥራ ሁለት አልጋ ነው፣ ልጆቹ አርባ አንድ ደርሰዋል። ይህን እያወራች የሠራሁላትን ፓስታ በሹካ ታዞረዋለች እንጂ አትበላም። እኔም ስለ ተበላሸው ፋይል ነገርኳት።

«ታዲያ እንደገና አትጀምረውም?» አለችኝ።

እንደገና መጀመር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ተውኩት።

ፊቷ ግን ሞላ ብሏል። ቆላው ሳይስማማት አልቀረም። ይህንኑ ነገርኳት፤ ፈገግ አለች። ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት፣ እኔም ሳልቀሰቅሳት ሥራዬን ሠራሁ። እንዲህ ያለ ሰላማዊ እሑድ አሳልፈን አናውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 21

መላ አገኘሁ!

ስሌቱ «ረግቷል» ብሎ የሚያቆምበት ልክ አለ። አተሞቹ ላይ የቀረው ግፊት ከዚህ ቁጥር ካነሰ አቁም ይላል። ቁጥሩን መቶ እጥፍ አላላሁት። በሁለት ሰዓት ከሩብ «ረግቷል» ብሎ አቆመ። መብራቱ የጠፋው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው፤ በሕይወቴ መብራትን ስቀድመው የመጀመሪያዬ ነው። ፖላራይዜሽኑ፣ ማለትም ፕላስና ማይነሱ የተለያዩበት መጠን፣ 31።

ሠላሳ አንድ! ሌሎች ትልልቅ ማሽን ይዘው ሁለት ሦስት በመቶ ለጥጠው የሚያገኙትን እኔ በአንድ በመቶ አገኘሁት። ታይታኒየሙ ከመሐል ፈቀቅ ብሎ ጉብ ብሏል።

አዲሱን ልክ «የጭሮ ልክ» ብዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለውጥ ኢምንት ነው። ኢምንት መሆኑን ገና አላየሁም፤ ግን ኢምንት ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 25

አማካሪዬ ዶክተር አምባው የላክኩላቸውን ውጤት አይተው ከአዲስ አበባ ደወሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ እሳቸው ሲደውሉልኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው በስህተት ነበር።

«ጎበዜ፣ ይኼ ለጆርናል ነው! ማነው ጭሮ ተቀምጦ ምርምር አይሠራም ያለው?»

እሳቸው ናቸው ያሉት። አላስታወስኳቸውም።

«ስሌቱን በደንብ አርግተኸዋል አይደል?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

ማታ ምዕራፍ ሦስትን ጻፍኩ። የአሠራር ምዕራፍ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሮቹን ከእሳቸው የቀድሞ ጽሑፍ ወስጄ ገጣጠምኳቸው። የማቆሚያው ቁጥርም የእሳቸው፣ ጥብቁ፣ እንዳለ ተቀመጠ። ነገ አስተካክለዋለሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 3

ቁጥሩን አላስተካከልኩትም።

ዛሬ ሚኤሶ ልወርድ ቃል ገብቼ ነበር። ጋሽ ኩማ «ዛሬ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም» ስላሉኝ ቀረሁ። ጠፋ። 5፡15። ለወሰን ደወልኩላት። «ግዴለም፣ እኔም ተረኛ ነኝ» አለች። ከኋላዋ ብዙ ሕፃናት ያለቅሱ ስለነበር አላራዘምነውም። ድምፅዋ ደህና ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 24

በመጨረሻ ሚኤሶ ወረድኩ። የጤና ጣቢያው በረንዳ ሳይቀር ፍራሽ ተነጥፎበታል። ልጆቹን ማየት አልቻልኩም፤ የሽማግሌ ፊት ነው ያላቸው። ዓይኔን የማሳርፍበት ስፈልግ አንድ ጉንጩ ሙሉ የሆነ፣ እግሩ ድብልብል ያለ ልጅ አየሁ። ጅብሪል ይባላል። እናቱ ረዲያ እንደ ሌሎቹ እናቶች አንገቷን አልደፋችም።

«ይኼኛው እንኳ ደህና ነው» አልኳት ወሰንን።

ወሰን ጎንበስ ብላ የልጁን እግር ላዩን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረችና ጣቷን አነሳች። የጣቷ ቦታ ሊጥ እንደተጫኑ ጎድጉዶ ቀረ።

«ከሁሉ የባሰበት እሱ ነው» አለችኝ በቀስታ። «ይኼ ሥጋ እንዳይመስልህ። ውኃ ነው። የምንሰጠው ወተት ሲሠራለት እብጠቱ ይጎድላል፣ ሚዛኑ ይወርዳል፣ አጥንቱ ይወጣል። መዳን የጀመረው ያኔ ነው። እናቶቹ ግን አይችሉትም። ወፍሮ አምጥቼው አከሳችሁብኝ ብለው ተሸክመውት ይሄዳሉ።»

«አታስረጃቸውም እንዴ?»

«አስረዳለሁ እንጂ። ግን ጎቤ፣ የልጁ ሚዛን ሲወርድ እያየ ደስ የሚለው ማን አለ?»

ረዲያ እኛን እያየች ሳቀች። «አልሐምዱሊላህ፣ ፈዬራ» አለችኝ ልጁን ከፍ አድርጋ፤ ድኗል ማለቷ ነው። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ወደ ቤቷ ስንሄድ ወሰን የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ ነበር የምትራመደው። ጠበበኝ አለች። ባሕር ዳር ስንገባ አዲስ እንገዛለን አልኳት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 27

ጋሽ ኩማ ዛሬ ሲገቡ ፊታቸው በርቷል። ባለቤታቸው እትዬ ከበደች ምጣድ ጥደው ነበር፤ እኔም ግቢው ውስጥ ሸሚዝ አጥባለሁ።

«መምህር! ደስ ይበልህ። ከሐሙስ ጀምሮ ዘጠኝ ቀን መብራት የለም መጥፋት!»

«ምን ተገኘ፣ ጋሽ ኩማ?»

«እንግዶች ይመጣሉ። ከፌዴራልም ከክልልም። ስለ ድርቁ ስብሰባ አለ፣ ዘጠኝ ቀን። ትእዛዝ ወርዷል፤ አንድ ደቂቃ ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ኩማ ነኝ። በፊርማ!»

«ጌታ ይመስገን!» አሉ እትዬ ከበደች። «ለካ መኖሩስ ነበረ!»

ዝናብ ስለጠፋ እንግዶች መጡ፣ እንግዶች ስለመጡ መብራት መጣ። ለማንኛውም ዕድሉን ልጠቀምበት ነው። ስሌቱን በጥብቁ ልክ፣ በዶክተር አምባው ልክ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሠራዋለሁ። 31 መሆኑን አውቃለሁ፤ ለወጉ ያህል ነው። ያኔ ምዕራፍ ሦስትም እውነት ይሆናል፣ ማስተካከልም አይጠበቅብኝም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 29

ጀመርኩ። በሦስት ሰዓት 31 ደረሰ። መብራት አለ።

ዓርብ፣ መጋቢት 30

30። ያልኩት ነው። ኢምንት።

ከተማው ሠርግ መስሏል። የጭማቂ ቤቶቹ ማሽን ያጓራል፣ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። እትዬ ከበደች በአንድ ቀን የሳምንት ዳቦ ጋገሩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 1

26።

እሑድ፣ ሚያዝያ 2

21። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር፤ ሐሳቤ አልተሰበሰበም። ስመለስ በክፍል 14 በኩል አለፍኩ። በኩል አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው የሄድኩት።

የሆነው ገብቶኛል። ቦታው ሲለጠጥ ታይታኒየሙ ፈቀቅ ይላል ብዬ ነበር። መጀመሪያ ይላልም። ከዚያ ግን ዙሪያውን የከበቡት ኦክስጅኖች ቀስ ብለው መዞር ይጀምራሉ። አንዱ ወደ ግራ ሲያዘም ጎረቤቱ ወደ ቀኝ፤ እንዲህ እየሆኑ የተገኘውን ቦታ ሁሉ እነሱ ይይዙታል፣ ታይታኒየሙም ወደ መሐሉ ይመለሳል። ለመዞር ጊዜ ይፈልጋሉ። በሁለት ሰዓት ከሩብ ገና ማሰብም አልጀመሩም ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 3

14። መብራት አለ። ብልጭ እንኳ አላለም።

ወሰን ደወለች። ረዲያ ጅብሪልን ይዛ ጠፍታለች። ሚዛኑ መውረድ በጀመረ በሁለተኛው ቀን፣ ሰው ሳያያት። ምን ዓይነት እናት ናት አልኳት። ልጁ ሊድን ሁለት ሳምንት ሲቀረው! እኔ በጣም ነው የተናደድኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 4

9።

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲጠፋ ተሳልኩ። ለገብርኤል ጃንጥላ አስገባለሁ ብያለሁ። በዚህ በዐቢይ ጾም፣ ከተማው ሁሉ በደስታ ሲንቦገቦግ፣ አንድ የፊዚክስ መምህር ጥግ ይዞ ጨለማ ይለምናል።

ጋሽ ኩማ ማታ በበሩ ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። አምስት ሌሊት ሙሉ ትራንስፎርመር ሥር ሲያድሩ ሰንብተዋል።

«መምህር፣ እንዴት ነው ሥራህ? እኔ እንግዶቹን አይደለም የማስበው። መምህር ፋይሉ እንዳይበላሽ እላለሁ።»

አመሰገንኳቸው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 5

4። አንድ ቀን ይቀረዋል።

ጠፋ። 9፡10። ምን ይደረጋል። ዩፒኤሱ ሰባት ደቂቃ ስለያዘልኝ ፋይሉን በሥርዓቱ አስቀምጬ ዘጋሁ።

ቤት ስደርስ እትዬ ከበደች ልብስ ይተኩሱ ነበር። ከማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራኑ ኪቦርድ ይሰማል። የኮሌጁ መስመር የተለየ ይመስለኛል።

ለዶክተር አምባው ጻፍኩላቸው፦ «የመጨረሻው ማረጋገጫ ስሌት ዛሬ 9፡10 ላይ በደረሰ የመብራት መቋረጥ ምክንያት ሊጠናቀቅ አልቻለም። የመጀመሪያው ውጤት እንዳለ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ።» ውሸት እንዳይኖርበት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የለበትም። መብራት ተቋርጧል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 12

ዶክተር አምባው ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን ሳላስብበት ቀረሁ። ስለ እኔ ተቆጥተው የምማርበት ዩኒቨርሲቲ በማኅተም ደብዳቤ እንዲጽፍ አደረጉ። «በሚያዝያ 5 ቀን ከቀኑ 9፡10 በተፈጠረው የኃይል መቋረጥ አገራዊ ፋይዳ ያለው ምርምር ተስተጓጉሏል።» ግልባጭ ለዞኑ፣ ግልባጭ ለመብራት መሥሪያ ቤቱ፣ ግልባጭ ለእኔ።

ማታ ጋሽ ኩማ በበሬ ብቅ አላሉም። እትዬ ከበደች ውኃ ስቀዳ አገኙኝ።

«ኩማን ጠሩት። የፈረመው ዘጠኝ ቀን አይጠፋም ብሎ ነው፤ ጠፍቷል ብሎ የተማረ ሰው ጽፏል አሉት። ወደ ቦኬ፣ እዚያ ሩቅ ገጠር፣ እናዛውርሃለን አሉ። ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በዚያ ወገብ!»

«ማን ነው የጻፈው ይላሉ?» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

«ከአዲስ አበባ ነው አሉ። ጌታ ያውቃል።»

ባልዲው እስኪፈስ ድረስ ቆሜ ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 14

ጋሽ ኩማ ክፍል 14 መጡ። መሰላል በትከሻ፣ መዝገብ በብብት።

«አካም ጅርታ፣ መምህር? እኔ ደብተሬን አየሁት። ሚያዝያ አምስት የጠፋ የለም። ግን መምህር ጠፋ ካለ ጠፍቷል፤ መምህር አይዋሽም። ስለዚህ እዚህ ውስጥ ነው ችግሩ፣ ሽቦ ነው ብዬ መጣሁ።»

ዕረፍታቸው ነው፤ ማንም አላዘዛቸውም። ጣሪያውን አዩ፣ ሶኬቱን ፈትተው አዩ። መጨረሻ ላይ በሩ ጀርባ ያለውን የብሬከር ሳጥን ከፈቱ። የክፍል 14 ብሬከር ወደ ታች ወርዷል። ከዘጠኝ ቀን በፊት እንደተተወው።

ብዙ አዩት። ከዚያ በአንድ ጣታቸው ወደ ላይ መለሱት፤ ኮምፒውተሩ ጢጥ ብሎ ነቃ።

«ይቺ ነገር» አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «አንዳንዴ ራሷ ትወርዳለች። ስትጨነቅ።»

«ጋሽ ኩማ…»

«ኢሺ። እኔ የምጽፈው መስመሩ ደህና ነው ብዬ ነው። ማብሪያው ወርዶ ነበር ብዬ አልጽፍም። ያ የሥራዬ አይደለም።»

መሰላላቸውን አንስተው ወጡ። መሰላሉን እንኳ አላገዝኳቸውም። እኔ ነኝ ያወረድኩት። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ «ጠፋ» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ማንም በማያነበው ደብተር ላይ ለማን እንደዋሸሁ አላውቅም። ፋይሉን ከፈትኩት። ደህና ነው። ለመጨረስ አንድ ቀን ነበር የቀረው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 23፣ ፋሲካ

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ኩማ በየማለዳው ሰላም ይሉኛል፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ወሰን ሌሊት ተረኛ አድራ በስድስት ሰዓት ደረሰች። ዶሮውን ጎረቤት ነው የሠራልኝ፤ ሁለት ጉርሻ ብቻ በላች። ለሷ ልንገራት ብዬ ቆረጥኩ። ከየካቲት ጀመርኩ፣ የጭሮ ልክ፣ ምዕራፍ ሦስት፣ ብሬከሩ፣ ጋሽ ኩማ፣ ሁሉንም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ። ስጨርስ «ፍረጂኝ» አልኳት።

ተኝታለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ የጭሮ ልክ ላይ ሳትደርስ አልቀረችም።

ጫማዋን ላወልቅላት ብል እምቢ አለኝ። እግሯ ጫማው ውስጥ ተጣብቋል። ታግዬ ሳወጣው ጣቴ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አርፎ ነበር። ጣቴን አነሳሁ።

ጉድጓዱ ቀረ።

ያንን ጉድጓድ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ። ፊቷ ሞላ ያለው ከየካቲት ጀምሮ ነው። ቆላው ተስማማሽ ብያታለሁ። እንዴት ያለ ሰው ነኝ?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ሆስፒታል ወሰድኳት። ኩላሊቷ ተጎድቷል። «ከርሞ ቢሆን ኖሮ…» አሉ ሐኪሙ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ። መድኃኒት፣ ጨው ያነሰበት ምግብ፣ የአንድ ወር ዕረፍት።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ልመረመር ነበር። ልጆቹ እስኪቀንሱ ብዬ ነው።»

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ደብዳቤ ጻፍኩ። «በሚያዝያ 5 ቀን መብራት አልጠፋም። ብሬከሩን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱም ስሌቱ የማልፈልገውን ውጤት እያሳየ ስለነበረ ነው። አቶ ኩማ ምንም ጥፋት የለባቸውም።» ለመብራት መሥሪያ ቤቱ፣ ለዞኑ፣ ለዶክተር አምባው።

ጸሐፊዋ ስትተይበው ግማሽ ላይ ቆመች።

«መምህር፣ ይኼ "የማልፈልገውን" የሚለው ይቅር? "ባልታወቀ ምክንያት" ልበለው?»

«እንዳለ ይሁን።»

«ማኅተም ይመታበት?»

«ይመታበት።»

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 27

ጋሽ ኩማ የቤተ ክርስቲያናቸውን ጄኔሬተር በጋሪ አስጭነው ክፍል 14 በር ላይ አቆሙት። ሽማግሌዎቹን አስፈቅደዋል። የመብራት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጄኔሬተር ይዞ ሲመጣ ያየ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«የጀመርከውን ጨርስ» አሉኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 28

ረጋ። በጥብቁ ልክ።

ዜሮ።

ሰኞ፣ ግንቦት 8

አስገባሁ። በዕለቱ፣ በሰዓቱ። ምዕራፍ አምስት አሁን የሚለው አንድ በመቶ የተለጠጠው ንጣፍ ፌሮኤሌክትሪክ እንደማይሆን፣ ኦክስጅኖቹ ዞረው ቦታውን እንደሚይዙትና፣ ስሌቱን ቸኩሎ ያቆመ ሰው 31 እንደሚያገኝ ነው። ቸኩሎ ያቆመው ማን እንደሆነም ምዕራፍ ሦስት ላይ ተጽፏል።

ዶክተር አምባው «ጎበዜ፣ ይኼ ለጆርናል አይሆንም» አሉ። «ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። የሚያዩት ኅዳር ላይ ነው። ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔም ምን እንደምል አላውቅም።» የባሕር ዳሩ ቦታ እስከ ኅዳር አይጠብቅም፤ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

የመብራት መሥሪያ ቤቱም መልስ ጽፎልኛል፦ «ለዘጠኝ ተከታታይ ቀናት ያልተቋረጠ አገልግሎት ስለ መስጠታችን በጽሑፍ ላረጋገጡልን ምስክርነት እናመሰግናለን።» ማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ለጥፈውታል። ጋሽ ኩማ ቦኬ አይሄዱም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13፣ ሚኤሶ

አሁን ከሚኤሶ ነው የምመላለሰው። ጠዋት ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል። አራት ዓመት ሙሉ ይህ እንዴት ሳይታየን ቀረ? ወሰን ግን አንድ ወር ሳይሞላት ጤና ጣቢያው ብቅ ማለት ጀምራለች፤ ብጣላት አልሰማችኝም።

ረዲያ ጅብሪልን ይዛ ተመልሳለች። ልጁ አጥንቱ ተቆጥሮ ያልቃል፣ ፊቱ ተጨማዷል፣ ኩባያውን ከእጅ እየነጠቀ ያለቅሳል። ዓይኔን ላዞር ስል ወሰን «ደህና ነው» አለችኝ። ረዲያ ልጁን ሚዛኑ ላይ ራሷ አስቀመጠችው።

ማታ ጋሽ ኩማ ከጭሮ ደወሉ። «መምህር፣ ዛሬ እዚህ ጠፍቷል። መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ። ይኼኛው የእውነት ነው!» ሳቃቸው ስልኩን ሞላው።

ከራት በኋላ ወሰን እግሯን ጉልበቴ ላይ ዘረጋች። በየማታው እንደማደርገው ቁርጭምጭሚቷን ተጫንኩት፣ ጣቴን አነሳሁ።

«የለም!» አልኳት። «ጨርሶ የለም!»

«አንድ ብለህ ነው ያነሳኸው። ሦስት ነው የሚቆጠረው። ድገመው።»

ደገምኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣቴን ቀስ ብዬ አነሳሁ፣ ሁለታችንም አጎንብሰን አየን። ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል።

«ጻፈው» አለችኝ።

ጽፌዋለሁ።